አዕማደ ግሥና የጥንታዊ ሕንጻ ታሪክ አጻጻፍ

የትምህርቱ ዓላማ፦ ይህን ትምህርት ከጨረሳችሁ በኋላ አድራጊ፣ ተደራጊና አስደራጊ ግሦችን ለይታችሁ ታውቃላችሁ። ስለ አንድ ታሪካዊ ሕንጻ ወይም ስለ አንድ የቴአትር ክበብ የዓመት ሥራ ስትጽፉም የሥራውን ባለቤት ሳትሰውሩ መግለጽ ትችላላችሁ።

ሀ. መግቢያ

«አዕማድ» የግእዝ ቃል ነው። ነጠላው «ዐምድ» ሲሆን ትርጉሙ ምሰሶ ማለት ነው። የቀድሞ የሰዋስው ሊቃውንት የግሥን ዋና ዋና ዓይነቶች «አዕማድ» ብለው ሰይመዋቸዋል። ቤት ያለ ምሰሶ እንደማይቆም ሁሉ ዓረፍተ ነገርም ያለ ግሥ ስለማይቆም ስያሜው ተስማሚ ነው። በዚህ ትምህርት የግሥን ምሰሶዎች የምናጠናው የእንጨት ምሰሶ ስላለው ስለ አንድ እውነተኛ ቤት እያነበብን ነው።

አንድ ተማሪ ስለ አካባቢው ጥንታዊ ሕንጻ ድርሰት እንዲጽፍ ሲታዘዝ ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው እንዲህ ነው፦

«ይህ ሕንጻ በጥንት ጊዜ ተሠራ። ብዙ ዘመን ቆየ። ከዚያም ተጎዳ። ስለዚህ ሊታደስ ይገባዋል።»

እነዚህ ዓረፍተ ነገሮች የሰዋስው ስሕተት የለባቸውም። ነገር ግን አንድም ሰው የለባቸውም። ቤቱን ማን ሠራው? ሲጎዳ ማን ዝም አለ? ወደፊትስ ማን ያድሰው? አንባቢው ይህን ሁሉ ይጠይቃል፤ ድርሰቱ ግን አይመልስም። ጉድለቱ ከተማሪው እውቀት ማነስ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከመረጠው ግሥ የመጣ ነው። የግሥ ምርጫ ለምን ይህን ያህል ኃይል እንዳለው ለመረዳት አስቀድማችሁ የሚከተለውን ምንባብ አንብቡ።

ለ. ምንባብ፦ የጅሬን ቤተ መንግሥት

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ 1,780 ሜትር ያህል ነው። በዙሪያዋ አጋሮን፣ ሊሙንና ጌራን የመሳሰሉ ቡና አብቃይ አገሮች ይገኛሉ። የአካባቢው ዝናብ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ይህ ዝናብ ለቡናው ሲሳይ ነው፤ ለእንጨትና ለጭቃ ቤት ግን ፈተና ነው።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ በጅሬን ኮረብታ ላይ አንድ አሮጌ ቤተ መንግሥት አለ። ያሠሩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ናቸው። የጅማ መንግሥት ከአምስቱ የግቤ መንግሥታት አንዱ ነበር፤ ሌሎቹ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ነበሩ። አባ ጅፋር በ1882 (እ.ኤ.አ.) ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ገበሩ። ግብራቸውን እየከፈሉም የግዛታቸውን የውስጥ አስተዳደር ለረጅም ጊዜ በእጃቸው አቆዩ።

የጅሬን ቤተ መንግሥት እንደ ጎንደር ግንቦች በድንጋይ የታነጸ አይደለም። ፎቅና ሰገነት ያለው ሲሆን የተሠራውም በአብዛኛው በእንጨትና በጭቃ ነው። በግቢው ውስጥ መስጊድ ይገኛል። የእንጨት ሥራ ለአገሩ ሰው እንግዳ ሙያ አይደለም፤ የጅማ ጠራቢዎች ከአንድ ግንድ ፈልፍለው በሚያወጡት ባለ ሦስት እግር በርጩማ እስከ ዛሬ ይታወቃሉ።

ከኮረብታው በታች ባለው ሜዳ ሂርማታ የሚባለው ሰፊ ገበያ ይቆም ነበር። ኸርበርት ሉዊስ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ላይ የነበረውን ገበያ ሲገልጽ፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ካሉት ገበያዎች ሁሉ ትልቁ እንደነበረና በበጋ ወራት ገበያው በደመቀበት ቀን እስከ 30,000 ሕዝብ እንደሚሰበሰብበት ጽፏል። ጣሊያኖች ኢትዮጵያን በያዙባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ጅማን የአንድ ሰፊ ግዛት ዋና ከተማ አድርገው በሜዳው ላይ አዳዲስ ሕንጻዎች ሠሩ። የከተማዋ ሕይወትም በዚያው በገበያው ዙሪያ እየሰፋ ሄደ፤ ቤተ መንግሥቱ በኮረብታው ላይ ቀረ።

የእንጨትና የጭቃ ቤት የራሱ ጠባይ አለው። ክዳኑ ካፈሰሰ ውሃው ወደ ማገሩ ይወርዳል። ማገሩ ሲርስ ምርጉ ይለቃል። ምርጉ ሲለቅ ምስጥ መግቢያ ያገኛል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ቤት አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም፤ ሰው በየጊዜው ሊሠራው ይገባል። በማሊ አገር በጄኔ ከተማ ያለው ታላቁ የጭቃ መስጊድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። አሁን የሚታየው ሕንጻ የተሠራው በ1907 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን የከተማው ሕዝብ በየዓመቱ ተሰብስቦ ግድግዳውን በአዲስ ጭቃ ይመርጋል። መስጊዱን ያቆመው ጭቃው ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ የሚመለሰው እጅ ነው።

የጅሬኑ ቤተ መንግሥትም በልዩ ልዩ ጊዜ ጥገና ተደርጎለታል፤ ዛሬ የሚያውቁት ጎብኚዎች ብዙ ናቸው። ንጉሡ ይገለገሉባቸው ከነበሩት ዕቃዎች ውስጥ አንዳንዶቹ በጅማ ሙዚየም ተቀምጠዋል።

የምንባብ ጥያቄዎች

1. የጅማ ዝናብ «ሲሳይም ፈተናም» የተባለው ለምንድን ነው?
2. የክዳን ማፍሰስ ምስጥን እንዴት እንደሚያስገባ በቅደም ተከተል አስረዱ።
3. «በየዓመቱ የሚመለሰው እጅ» የተባለው የማን እጅ ነው?

ሐ. ሠራ፣ ተሠራ፣ አሠራ

አሁን ስለ ጅሬኑ ቤት የተጻፉትን የሚከተሉትን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. ጠራቢዎች ቤቱን ሠሩ።
2. ቤቱ ተሠራ።
3. አባ ጅፋር ቤቱን አሠሩ።

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ሥራውን በእጁ የሠራው ነው፤ ግሡ አድራጊ ይባላል። በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ «ቤቱ» ነው፤ ሥራው የተፈጸመበት እርሱ ስለሆነ ግሡ ተደራጊ ይባላል። በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ ሌሎች እንዲሠሩ ያዘዘው ወይም ያደረገው ነው፤ ግሡ አስደራጊ ይባላል።

ሦስቱም እውነት ናቸው፤ የሚነግሩን ግን አንድ ዓይነት ነገር አይደለም። ሁለተኛው ቤቱን ብቻ ያሳየናል። ሦስተኛው ንጉሡን ያሳየናል፤ «አሠሩ» ስለሚልም ከንጉሡ በስተጀርባ ሌሎች ሰዎች እንዳሉ በግሡ ቅርጽ ይጠቁመናል። እነዚያን ሰዎች ፊት ለፊት የሚያመጣቸው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው። «አባ ጅፋር ቤቱን በአገሩ ጠራቢዎች አሠሩ» ብንል አሣሪውንና ሠሪውን በአንድ ዓረፍተ ነገር እናገናኛለን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። በአማርኛ «ሠሩ» የሚለው ግሥ ለብዙ ሰዎችም፣ ለአንድ የተከበረ ሰውም ይነገራል። ስለዚህ «አባ ጅፋር ቤቱን ሠሩ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ግሡ የአክብሮት ስለሆነ ሰዋስውን አላፈረሰም። ነገር ግን መጥረቢያ የያዙትን ሰዎች ከታሪኩ አስወጥቷቸዋል። ስማቸው ያልተጻፈላቸው ጠራቢዎችና ስማቸው የገነነው ንጉሥ በግሥ መድረሻ እኩል ሆነው ሳለ፣ ጸሐፊው «አሠሩ» በማለት ፈንታ «ሠሩ» ቢል ለአንዱ የሌላውን ድርሻ ይሰጣል። አንድ ፊደል መጨመር ወይም መተው የታሪክን ፍርድ እንደሚለውጥ ከዚህ እንረዳለን።

መ. አምስቱ አዕማድ

ከላይ ያየናቸው ሦስቱ ብቻ አይደሉም፤ አዕማድ አምስት ናቸው። ለአምስቱም «ያዘ» የሚለውን ግሥ ምሳሌ እናድርገው።

1. አድራጊ፦ ያዘ። «ምሰሶው ጣሪያውን ያዘ።»
2. ተደራጊ፦ ተያዘ። «ጣሪያው በምሰሶው ተያዘ።»
3. አስደራጊ፦ አስያዘ። «አናጢው ማገሩን በልጁ አስያዘ።»
4. ተደራራጊ፦ ተያያዘ። «ቋሚዎቹና ማገሮቹ ተያያዙ።»
5. አደራራጊ፦ አያያዘ። «አናጢው ቋሚዎቹንና ማገሮቹን አያያዘ።»

ተደራራጊው ግሥ ሁለት ወይም ከሁለት የበዙ ነገሮች እርስ በርስ የሚያደርጉትን ይነግረናል። አደራራጊው ደግሞ እነርሱ እርስ በርስ እንዲያደርጉ ያደረጋቸውን ይነግረናል። ቤት የሚቆመው ምሰሶው ጣሪያውን ስለያዘ ብቻ አይደለም፤ እንጨቶቹ ስለተያያዙ ነው። እንዲያያዙ ያደረጋቸው አያያዥ መኖሩንም መርሳት አይገባም።

ማሳሰቢያ፦ በ«ተ» የጀመረ ግሥ ሁሉ ተደራጊ አይደለም። ለምሳሌ «ተቀመጠ» የሚለው ግሥ በ«ተ» ይጀምራል፤ ነገር ግን የተቀመጠው ሰው ራሱ ነው እንጂ ሌላ አላስቀመጠውም። ስለዚህ የግሡን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን የዓረፍተ ነገሩን ምሥጢር ተመልከቱ።

ሠ. ተደራጊ ግሥ መቼ ይጠቅማል? መቼስ ይሰውራል?

ተደራጊ ግሥ መጥፎ ግሥ ነው ማለት አይደለም። ሥራውን ማን እንደሠራው በማይታወቅበት ጊዜ፣ ወይም የምንናገረው ስለ ሠሪው ሳይሆን ስለ ሥራው በሚሆንበት ጊዜ ተገቢው እርሱ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሠሪው እየታወቀ ሲሰወር ነው። ይህን ከቴአትር ታሪክ በተወሰዱ ምሳሌዎች እንመልከት። «ቴአትር» የሚለው ቃል በአማርኛ ለሁለት ነገር ያገለግላልና፤ ለሚታየው ተውኔትና ለሚታይበት ቤት።

የመጀመሪያው ምሳሌ ስለ ተውኔት ነው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በአገራችን የዘመናዊ ተውኔት መጀመሪያ ተደርጎ ይቆጠራል። በአዲስ አበባ ከታየ በኋላ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። «ታገደ» ብለን ብንተወው አንባቢው ተውኔቱ በራሱ ጊዜ የቀረ ሊመስለው ይችላል። ተውኔቱ በእንስሳት ተረት መልክ የሹማምንትን ብልሹነት የሚተች ስለነበር ያገደው ቤተ መንግሥቱ ነው። «ቤተ መንግሥቱ ተውኔቱን አገደው» ስንል የታሪኩ ምክንያትና ውጤት ወዲያው ይገናኛሉ።

ሁለተኛው ምሳሌ ስለ ማኅበር ነው። «ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ተመሠረተ» ማለት ይቻላል። «የጣሊያን ወረራ ባንዣበበበት በ1927 ዓ.ም. መኮንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን መሠረቱ» ማለትም ይቻላል። በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ሰውም አለ፤ ምክንያትም አለ። ሕዝቡን ለመቀስቀስ የተቋቋመው ያ ማኅበር ኋላ ቴአትር ቤት ሆኖ ብዙ ተዋንያንንና ድምፃውያንን አፍርቷል።

ሦስተኛው ምሳሌ ስለ ቤት ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘውን ብሔራዊ ቴአትርን በወረራው ዘመን መሥራት የጀመሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ ያሰቡት ማርኮኒ የሚባል ሲኒማ ቤት ነበር። ሳይጨርሱት ተሸንፈው ወጡ። ጅምሩን ሕንጻ የኢትዮጵያ መንግሥት አስጨርሶ በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር አስመረቀው። በመክፈቻውም የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ታየ። በፊቱ የቆመውን የድንጋይ አንበሳ ሞሪስ ካልካ የተባለው ፈረንሳዊ ቀረጸው። አስተውሉ፤ «ጀመሩ»፣ «አስጨረሰ»፣ «አስመረቀ»፣ «ቀረጸ» የሚሉት አራት ግሦች የአንድን ቤት ታሪክ ለሦስት ባለቤቶች በየድርሻቸው ያከፋፍላሉ። «ቤቱ ተሠራ» ብንል ኖሮ ይህ ሁሉ በአንድ ቃል ይጠፋ ነበር።

አራተኛው ምሳሌ ከባሕር ማዶ ነው። በጣሊያን አገር በቬኒስ ከተማ ላ ፌኒቼ የሚባል የኦፔራ ቤት አለ። በ1792 (እ.ኤ.አ.) ተከፈተ፤ በ1836 ተቃጥሎ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ተሠራ። በ1996 ደግሞ ለእድሳት ተዘግቶ ሳለ እሳት በላው። በዚያ ሌሊት በአጠገቡ ያሉት ቦዮች ለጽዳት ሲባል ውሃቸው ተመጥጦ ስለነበር የእሳት አደጋ ሠራተኞች በቅርብ ውሃ አላገኙም። ብዙ ሰው «ቤቱ ተቃጠለ» አለ። ፍርድ ቤት ግን መርምሮ በእድሳቱ ሥራ ላይ የነበሩ ሁለት የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ሆን ብለው እንዳቃጠሉት ወሰነ፤ ሥራቸው ስለዘገየባቸው ከመቀጮ ለማምለጥ ያደረጉት ነበር። በ«ተቃጠለ» እና በ«አቃጠሉት» መካከል ያለው ልዩነት በአደጋና በወንጀል መካከል ያለው ልዩነት ነው። ቤቱ በቀድሞ ቦታውና በቀድሞ መልኩ ተሠርቶ በ2003 (እ.ኤ.አ.) እንደገና ተከፈተ።

ረ. ጠገነ፣ ጠጋገነ፣ አደሰ

ስለ ጥንታዊ ሕንጻ የሚጽፍ ሰው ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ተቀራራቢ ትርጉም ያላቸውን ግሦች መለየት አለበት።

ጠገነ፦ የተሰበረውን ወይም የተጎዳውን ክፍል መልሶ አቃና።
ጠጋገነ፦ ዋናውን ጉዳት ሳይመረምር እዚህም እዚያም ጥቂት ጥቂት ጠገነ።
አደሰ፦ ያረጀውን ቤት ጠባዩን ሳይለውጥ ወደ ደኅና ሁኔታው መለሰ።
አፍርሶ ሠራ፦ የቀድሞውን አጥፍቶ በቦታው ሌላ አቆመ።

አራተኛውን ሥራ በሦስተኛው ስም መጥራት በድርሰትም በኑሮም የተለመደ ስሕተት ነው። አሮጌው ቤት ፈርሶ በቦታው ሌላ ቤት ከቆመ ቦታው አዲስ ቤት አገኘ እንጂ አሮጌው ቤት አልታደሰም።

እድሳት ራሱም ሊጎዳ ይችላል። የጎንደር ግንቦች በድንጋይና በኖራ የታነጹ ናቸው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሲጠግኗቸው ሲሚንቶ ተጠቀሙ። ሲሚንቶ ጠንካራ ስለሆነ የተሻለ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በግድግዳው ውስጥ የገባውን እርጥበት አፍኖ ያስቀራል። ኖራ ግን እርጥበቱን እያስተነፈሰ ያወጣል። ስለዚህ ግንቦቹን በኋላ የጠገኑት ባለሙያዎች ሲሚንቶውን እያነሡ በኖራ ተኩት። ለእንጨትና ለጭቃ ቤትም ሕጉ ያው ነው፤ ጠጋኙ አስቀድሞ ቤቱ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ አለበት። ጸሐፊም እንዲሁ ግሡን ከመምረጡ በፊት የተሠራው ሥራ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ሰ. የአንድ ዓመት ሥራ ዘገባ

ከዚህ በታች ያሉት ሁለት አንቀጾች ለትምህርቱ ተብለው የተዘጋጁ ናቸው። በአጋሮ ከተማ አንድ የትምህርት ቤት የቴአትር ክበብ አለ እንበል። ክበቡ በአንድ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ተውኔት ሲያሳይ ከርሞ የዓመት ሥራውን ዘገባ ሊጽፍ ተነሥቷል።

አንቀጽ አንድ

«ዘንድሮ እጅግ ከፍተኛ ውጤት ተገኝቷል። ብዙ ተውኔቶች ቀርበዋል። አዳራሹም በሚያስደንቅ ሁኔታ ታድሷል። በአጠቃላይ ዓመቱ የተሳካ ነበር። ለወደፊቱም አዳራሹ ሊጠበቅ ይገባዋል።»

አንቀጽ ሁለት

«ክበቡ ዘንድሮ ሦስት ተውኔቶች አሳይቷል። የመጀመሪያውን ያሳየው በጥቅምት ነበር፤ ተማሪዎችና ወላጆች ከቡና ለቀማ ላይ ስለነበሩ የመጡት ተመልካቾች ጥቂት ናቸው። ሁለተኛውን ለቀማው ካለቀ በኋላ በጥር አሳየ፤ አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሞ አየ። በዚያው ቀን ከመድረኩ በላይ ያለው ክዳን ክፉኛ እንደዛገና በብዙ ቦታ እንደተበሳ የመብራት ሠራተኞቹ አዩ። የክበቡ አባላት በመግቢያ ዋጋ የሰበሰቡትን ገንዘብ ለቆርቆሮ መግዣ አዋሉ። አንድ አረጋዊ አናጢ የቀድሞዎቹን ወጋግራዎች መርምረው ደኅናዎቹን እንዲቀሩ አደረጉ፤ ምስጥ የበላቸውን ሁለቱን ብቻ ለወጡ። የሰፈሩ ሰዎች ጭቃ አቡክተው ግድግዳውን መረጉ። ሦስተኛው ተውኔት በግንቦት ዝናብ እየዘነበ ታየ፤ በመድረኩ ላይ ጠብታ አልወረደም። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ አሸንዳውን የሚጠርጉት የዘጠነኛ ክፍል አባላት ናቸው።»

አንቀጽ አንድ ዓመቱ የተሳካ መሆኑን ይነግረናል፤ አንቀጽ ሁለት ግን ያሳየናል። በአንቀጽ ሁለት ውስጥ «እጅግ»፣ «ከፍተኛ»፣ «የሚያስደንቅ» የሚሉ ቃላት የሉም፤ አንባቢው ግን ሥራውን ያደንቃል። በጥቅምት የመጣው ሰው ማነሱ አልተሰወረም፤ ምክንያቱ ተነግሯል፤ በጥር ለተገኘው ተመልካችም መነሻው ይኸው ነው። ውድቀትን የሚሰውር ዘገባ ስኬቱንም አያስታምንም።

በተለይ የሁለቱን አንቀጾች የመጨረሻ ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ። «አዳራሹ ሊጠበቅ ይገባዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ማንንም አያዝም፤ ሁሉም ሰው ይስማማበታል፤ ማንም ግን መሰላል አያነሣም። «አሸንዳውን የሚጠርጉት የዘጠነኛ ክፍል አባላት ናቸው» የሚለው ግን ባለቤት አለው። መስከረም ሲጠባ አሸንዳው በቅጠል ተዘግቶ ቢገኝ ማን እንደሚጠየቅ ይታወቃል። ብዙ አሮጌ ቤቶች የሚፈርሱት ጠላት አፍርሷቸው አይደለም። «ሊታደስ ይገባል» በሚል፣ ባለቤት በሌለው ዓረፍተ ነገር ሥር ብዙ ክረምት ስላሳለፉ ነው።

ሸ. ድርሰቱን ከመጻፋችሁ በፊት

1. ሄዳችሁ እዩ። ክዳኑን፣ ግድግዳውን፣ በሩን፣ መስኮቱን በየተራ ተመልከቱ። ያላያችሁትን ክፍል እንዳያችሁ አድርጋችሁ አትጻፉ።

2. አረጋውያንን ጠይቁ። ስትጠይቁም በአክብሮት ይሁን፤ «አባባ፣ ይህ አዳራሽ ሲሠራ እርስዎ ያስታውሳሉ? አናጢዎቹስ ከየት የመጡ ነበሩ?» በሉ። «ቤቱ መቼ ተሠራ?» የሚለው ጥያቄ ዓመት ብቻ ያስገኛል፤ «እነማን ሠሩት?» የሚለው ግን ታሪክ ያስገኛል።

3. ቁጥር ስትጽፉ የምታውቁትን ብቻ ጻፉ። ተመልካቹን ካልቆጠራችሁት «አዳራሹ ሞላ» ማለት ይበቃል።

4. ዓመተ ምሕረትን ከአውሮፓውያን አቆጣጠር ጋር አትቀላቅሉ። ሁለቱንም መጠቀም ግድ ከሆነባችሁ እንደ ምንባባችን በቅንፍ ለዩት።

5. ረቂቁን ጽፋችሁ ስትጨርሱ በተደራጊ ግሦች ሁሉ ሥር አስምሩ። ለእያንዳንዱም «በማን?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ካወቃችሁ ባለቤቱን አስገቡት። ካላወቃችሁ ጠይቃችሁ ለማወቅ ሞክሩ። ማንም የማያውቀው ከሆነ ግን ተደራጊውን ግሥ እንዳለ ተዉት፤ በዚያን ጊዜ እውነተኛው ቃል እርሱ ነው።

መልመጃ 1

ለሚከተሉት ግሦች ተደራጊና አስደራጊ ቅርጾቻቸውን ጻፉ፤ በእያንዳንዱም አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ።

ሀ. ገነባ
ለ. ጠገነ
ሐ. ከደነ
መ. መረገ
ሠ. መረቀ

መልመጃ 2

በሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ባለቤቱ ተሰውሯል። ከትምህርቱ ያገኛችሁትን እውቀት ተጠቅማችሁ ባለቤቱን በማስገባት እንደገና ጻፏቸው።

ሀ. የጅሬን ቤተ መንግሥት በኮረብታ ላይ ተሠራ።
ለ. የጄኔ መስጊድ ግድግዳ በየዓመቱ ይመረጋል።
ሐ. በጎንደር ግንቦች ላይ ሲሚንቶ ተለሰነ።
መ. «ፋቡላ» የተባለው ተውኔት ተጻፈ፤ ኋላም ታገደ።

መልመጃ 3

«የከተማችን አሮጌ ሕንጻዎች ሊጠበቁ ይገባቸዋል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ማን፣ ምን፣ መቼ እንደሚሠራ በሚያሳዩ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ተኩት።

መልመጃ 4 (ድርሰት)

በምትኖሩበት ከተማ ወይም መንደር ካሉት አሮጌ ቤቶች አንዱን ምረጡ። ትምህርት ቤት፣ የቡና መጋዘን፣ አዳራሽ፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መኖሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ቤቱን ግለጹ፤ በሁለተኛው ማን እንዳሠራውና እነማን እንደሠሩት ተርኩ፤ በሦስተኛው አሁን ያለበትን ሁኔታ አስረዱ። በመጨረሻው አንቀጽ ቤቱን ለመጠበቅ ምን መደረግ እንዳለበት ስትጽፉ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ይኑረው፤ ቢያንስ በአንዱ ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ «እኔ» ወይም «እኛ» ይሁን።

የቃላት ፍቺ

ሲሳይ፦ ምግብ፣ በረከት።
ማገር፦ ቋሚዎችን የሚያያይዝ አግድም እንጨት።
ወጋግራ፦ ጣሪያን የሚሸከም ሰያፍ እንጨት።
ምርግ፦ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ በገለባ የተቦካ ጭቃ።
አሸንዳ፦ ከክዳን የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ የሚያሳልፍ ቦይ።
ሰገነት፦ ከፎቅ ወደ ውጭ የወጣ መቆሚያ።
ጠራቢ፦ እንጨትን በመጥረቢያ አስተካክሎ የሚያበጅ ባለሙያ።